እሺ፣ እንካ

ሰፈሩ ሁሉ «ጆሮ» ነበር የሚለው። ትክክለኛ ስሙን የምታውቅ ብትኖር እናቱ ብቻ ናት። ጆሮ የተባለው ጆሮው ትልቅ ሆኖ አይደለም፤ ሙያውን ያስተማሩት ሽማግሌ «ዕቃ ከመክፈትህ በፊት ስማው፤ በሽታውን ራሱ ይነግርሃል» እያሉ ስላሳደጉት ነው። ሰው የተበላሸ ራዲዮ ሲያመጣለት ቶሎ መፍቻ አያነሳም። ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። አላፊ አግዳሚው «ይኼ ሰውዬ ይጠግናል ወይስ ይጸልያል?» እያለ ይስቅበታል፤ እሱም አብሮ ይስቃል እንጂ መልስ አይሰጥም። መስማት ተሰጥቶታል፤ መናገር ላይ ግን ምላሱ ከብረት ትከብድበታለች። ይህ ጠባዩ ምን ጉድ እንዳፈላበት ነው የምነግራችሁ።

ሱቁ ደረጃ ሥር ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ በግራዋ ፀጉር ቤት፣ በቀኟ ፎቶ ኮፒ ቤት። ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ውጭ ይጠብቃል። ከመንገዱ ማዶ አንድ ያላለቀ ፎቅ ቆሟል። መስኮት ያልገባላቸው ቀዳዳዎቹ በቀንም ጨለማ ናቸው፤ ነፋስ ሲነሳ የተሸፈነበት አረንጓዴ መረብ ይርገበገባል። ባለፈው ዓመት አንድ ወጣት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ከሰባተኛው ፎቅ ወድቆ ሞቶበታል። «የደኅንነት ቀበቶ ሳያስር ወጥቶ ነው፤ በገዛ እጁ» አለ ሰፈሩ፣ ከዚያም ረሳው። ጆሮ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጀርባውን ለፎቁ ሰጥቶ ነው የሚሠራው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቁሮ፣ ሊዘንብ እያለ ሳይዘንብ፣ አንዲት ልጅ በሩ ላይ ቆመች። አንገቷ ላይ የልብስ ሰፊ ሜትር ተንጠልጥሏል። ግራ እጅጌዋ ላይ ሳታውቀው የቀረ ቀይ ክር አለ። ጆሮ ክሩን አየው፤ ቀና ሲል ዓይኗን አየው፤ ከዚያ ወዲያ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው።

«ወንድሜ፣ ይኼን ትሠራልኛለህ?»

የማናውቀውን ሰው ሁሉ ወንድሜ እንላለን። እሷ ግን ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ደንገጥ አለች፤ የሌላ ሰው ዕቃ ሳታስፈቅድ ያነሳች ትመስል ነበር።

ከቁራጭ ጨርቅ ውስጥ ፈታ ያወጣችው ኪስ የምትገባ የሙዚቃ ማጫወቻ ናት። ጥጓ ተሰንጥቋል።

«ምን ሆና ነው?»

«ወድቃ።»

«ከየት?»

ጣቷን ከትከሻው በላይ ወደ ማዶ ቀሰረች። «ከዚያ።»

ጆሮ ዘወር ብሎ ማየት አላስፈለገውም። መረቡ ሲርገበገብ ይሰማው ነበር።

«ወንድሜ ለልደቴ የገዛልኝ ናት» አለች። «ኪሱ ውስጥ ተገኘች። የዚያኑ ቀን የቀዳልኝ መልእክት አለባት፤ ቀኑ ተጽፎ ይታያል። ስከፍተው ግን ነፋስና መዶሻ ብቻ ነው፤ እሱ የለም። ግማሽ ደቂቃ ሰምቼ አጠፋዋለሁ፤ አልችልም።»

«ማዳመጫ ቀይረሽ ሞክረሻል?»

«ሦስት ቀይሬያለሁ። ሁሉም ያው ነው።» ጨርቁን አጣጠፈችና «የዛሬ ሁለት ሳምንት አገባለሁ» ብላ ጨመረች። «ከአባቴ ቤት ሳልወጣ ድምፁን አንዴ ብሰማው እላለሁ። ይኼው ነው።»

ምስኪን ጆሮ! ልቡ ሞቅ ሳይለው ቀዝቃዛ ውሃ ተደፋበት። «ነገ ነይ» አለ።

ሱቁን ገርበብ አድርጎ፣ እንደ ልማዱ ሳይከፍታት ሊሰማት ተቀመጠ። ትልቁን የራሱን ማዳመጫ፣ ጆሮ ድፍን የሚያደርገውን፣ ሰካ።

እውነትም ነፋስ ነው። መዶሻ። የሚንቀጠቀጥ ቆርቆሮ። ጆሮ ወዲያው በሽታውን አወቀ። የማዳመጫ ጃክ፣ ገመዱ የሚሰካበት ቀዳዳ፣ ሦስት እግር አለው፦ አንዱ ለግራ ጆሮ፣ አንዱ ለቀኝ፣ ሦስተኛው የሁለቱ የጋራ መመለሻ። ያ ሦስተኛው ከተሰበረ ሁለቱም ጆሮ እኩል የሚጋሩት ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። መሐል ቆሞ የሚናገረው ሰው ይጠፋል፤ ከዳር ያለው ብቻ ይቀራል። ሽማግሌው «ባለቤቱ ወጥቶ እንግዳው የቀረበት ቤት» ነበር የሚሉት። ወንድሟ ማጫወቻዋን አፉ ላይ ይዞ፣ ልክ መሐሉ ላይ ስለተናገረ፣ ድምፁ ጠፍቷል። እግሩ ሲበየድ ተመልሶ ይመጣል። የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።

መፍቻ ሊያነሳ ሲል፣ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ፣ እንግዳው ተናገረ።

ከዳር በኩል፣ ከግራ፣ የወንድ ድምፅ። «ነፍሴ! ተቆጣጣሪው በር ላይ ነው። ቀበቶህን ለሁለት ደቂቃ አውሰኝ፤ እኔን ያለ ቀበቶ እንዳያገኘኝ።»

ከዚያ ዘለበት ሲፈታ ተሰማ። ወደ ታች የሚርቅ የጫማ ኮቴ። ነፋስ። ቅጂው እዚያ ላይ አለቀ።

ጆሮ አምስት ጊዜ ደጋግሞ ሰማው።  ልጁ ቀበቶ ሳያስር አልወጣም። ፈተው ወስደውበት ነው።

በማግስቱ ጠዋት ከልጅቷ በፊት አንድ ሌላ ሰው መጣ። የራስ ቁሩን በብብቱ ይዟል፤ ጫማው ሲሚንቶ ለብሷል። ጆሮ በመልክ ያውቀዋል፤ የማዶው ፎቅ ፎርማን የነበረው ነው። ፈገግታው ሰው ያሞቃል። ልጁ የሞተ ዕለት «ሲሚንቶ ላስጭን ሄጄ ነበር፣ አልነበርኩም» ብሎ እንደ ሕፃን ያለቀሰ፣ ሬሳ የተሸከመ፣ ከዚያ ወዲህ የሟቹን ቤት ልጅ ሆኖ የሚጦር ሰው ነው። ሰፈሩ ይመርቀዋል።

«እንዴት አደርክ፣ ነፍሴ!» አለ።

የጆሮ እጅ ላይ ያለው መፍቻ ወደቀ። ሰውየው ትንሹንም ትልቁንም ነፍሴ ስለሚል ሠራተኞቹ ራሱን «ነፍሴ» ብለው ነው የሚጠሩት። ጆሮ ይህን ቅጽል ሺህ ጊዜ ሰምቶ ያውቃል። ትናንት ግን ከማን አፍ እንደሆነ አላሰበም ነበር።

«እጮኛዬ ትናንት አንድ ማጫወቻ ትታልህ ነበር» አለ ፎርማኑ፣ በርጩማው ላይ ሳይጋበዝ ተቀምጦ።

«አዎ፣ አለቃ።»

«ከፈትካት?»

«ገና ነኝ።»

ውሸቱ እንዴት ቀልጠፍ ብሎ እንደወጣ ለራሱም ገረመው። ፎርማኑ የጆሮን ትልቅ ማዳመጫ አነሳ፣ አገላበጠው፣ መልሶ አስቀመጠው።

«እንግዲያው አትድከም። አትሠራም በላት። ዓመት ሙሉ አልቅሳ ገና አሁን ነው መብላት የጀመረችው። የሞተን ሰው መቀስቀስ ለማን ይጠቅማል?» ድምፁ የለሰለሰ ነበር። እንዲያውም፣ ክፉ ቢሆን ጆሮ ባልፈራው ነበር፤ የሚያስፈራው ከልቡ የሚናገር መምሰሉ ነው። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ እንደዚህ ነው። «እንግባባለን አይደል፣ ነፍሴ?»

ፎርማኑ በሩ ላይ ሲደርስ ቆሞ ማዶውን ፎቅ ቀና ብሎ አየ። ፊቱ ላይ ያለው ፈገግታ ለአፍታ የት እንደሄደ ጠፋ። ከዚያ የራስ ቁሩን አጥልቆ ሄደ።

አሁን ፍረዱ። ጆሮ ምን ይበላት? «የምታገቢው ሰው የወንድምሽን ቀበቶ ፈቶ የወሰደ ነው» ይበላት? በምን አፉ? ሰው ምን ይላል? ከሙሽራው ላይ ሙሽራ ሊቀማ አስቦ ነው ይላል። የባሰው ደግሞ ሰው ቢል እውነት መሆኑ ነው፤ ወዷታል። እውነቱን የሚያውቅ ሰው ልቡ ንጹሕ ካልሆነ እውነቱም ይጎድፋል ብሎ አሰበ። የሆዱን በሆዱ ይዞ፣ እስከ እኩለ ቀን መበየጃውን አግሎ አቀዘቀዘው።

ከዚያ በሙያው ሠርቶት የማያውቀውን ሠራ። ሦስተኛውን እግር በየደው፤ ግን በደንብ ሳያግለው። የቀለጠው የብየዳ እርሳስ፣ ስታኞው፣ እግሩ ላይ ተቀመጠ እንጂ አልጨበጠውም። ለጊዜው ይይዛል። ገመዱ ሲሰካና ሲነቀል ሲሰነብት ይላቀቃል። የወንድሟ ድምፅ ይመጣል፣ የዳሩንም ድምፅ ይሸፍነዋል፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ እንግዳው ይናገራል። «እኔ አልተናገርኩም፣ ዕቃው ተናገረ» ይላል ለራሱ። ፈሪ ሰው ብልሃት አያጣም።

መጣች። ትንሹን የራሷን ማዳመጫ አደረገላት። ድምፁ ሲመጣ አየው፤ ትከሻዋ ወረደ፣ እጇ ወደ አፏ ሄደ። በእንባዋ መሐል ሳቀች። «‹አስቀያሚዋ እህቴ› ይለኛል» አለች። «ከሰባተኛው ፎቅ ቤታችን ይታየኛል ይላል። እናታችን ያሰጣችውን አንሶላ አየሁት ይላል።»

 እስከ መጨረሻው ሰምታ ግንባሯን ቋጠረች።

«አንድ ነገር አልገባኝም። ወሬውን አቋርጦ ‹እሺ፣ እንካ› ይላል። ከዚያ ‹ይቅርታ እህቴ› ብሎ ይቀጥላል። ማንን ነው እንካ ያለው?»

በሱቁ ውስጥ ያለው ሰዓት ሁሉ የቆመ መሰለው። አሁን ነበር ጊዜው።

«እንጃ» አለ።

አየችው። ረዘም አድርጋ አየችው። ጆሮ ትልቁን ማዳመጫ ጠቅልሎ እጇ ላይ አኖረ፤ «በዚህ ስሚው። ትናንሾቹ ይደብቃሉ» አለ። እንጃ ካለ በኋላ ሊናገር የቻለው ይህችን ብቻ ነው።

ቀኖቹ አላልፍ አሉ። አራት ቀን ሄደ። ሳምንት ሞላ። ዝናቡ ገባ፤ መብራት በቀን ሦስቴ ይጠፋል፤ መረቡ ረጥቦ በፎቁ ገላ ላይ ይለጠፋል። ጆሮ ኮቴ በሰማ ቁጥር ቀና ይላል። ብየዳው ቢጠነክርስ? ከሠርጉ ማግስት ቢላቀቅስ? እሷ በሰውየው ቤት፣ በሰውየው አልጋ ዳር ተቀምጣ፣ ያን ጊዜ ብትሰማውስ? መተኛት አቃተው። ሊነግራት ልብስ ስፌት ቤቷ ድረስ ሁለቴ ሄደ፤ በመስታወቱ ውስጥ በነጭ ቀሚስ ላይ አጎንብሳ አያት፤ ሁለቴም ተመለሰ። ፎርማኑ በሱቁ በኩል ሲያልፍ እጁን ከፍ አድርጎ ሰላም ይለዋል። ጆሮም እጁን ያነሳል። እጁን ባነሳ ቁጥር ከሰውየው ጋር አንድ ምስጢር የተካፈለ ይመስለዋል፤ ደግሞም ተካፍሏል።

ሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ በቀትር፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ገባች። ፎርማኑ ከኋላዋ ነው፤ ጃንጥላ ይዞላት።

«እዚህ ምን እንሠራለን? ልብሱን ልንለካ አልነበር?» ይላል።

«ተቀመጥ» አለች፤ በርጩማውን አሳየችው። ፊቷ ነጭ ወረቀት ሆኗል። «የወንድሜን መልእክት ስማልኝ። ላንተም የደረሰህ ነገር አለበት።»

ትልቁን ማዳመጫ በገዛ እጇ ጆሮው ላይ አደረገችለት። ሰውየው መጀመሪያ ፈገግ አለ፤ ሳስበው የሟቹን ሳቅ እየጠበቀ ነበር። ጆሮ ግን መሰኪያው ገመዱ ሥር ሲወላወል አይቶ ብየዳው መላቀቁን አወቀ። በዚያ ማዳመጫ ውስጥ ሟቹ የለም። ነፋስ ነው፣ መዶሻ ነው፣ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ራሱ ሰውየው ነው።

ፈገግታው ቀስ በቀስ ጠፋ። ማዳመጫውን ሊያወልቅ እጁን አነሳ፤ መልሶ አወረደው። እስከ መጨረሻው ሰማና አወለቀው።

«ሁለት ደቂቃ ነበረች» አለ በመጨረሻ። ድምፁ አልታወቀም። «ተቆጣጣሪው ያለ ቀበቶ ካገኘኝ ያባርረኝ ነበር። እሱ ቁጭ ብሎ እያወራ ነው፣ አይነሳም ብዬ… ደረጃውን ወርጄ ሳልጨርስ…»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ነፍሴ አውጪኝ አልኩ።»



«አባባ ዓመት ሙሉ ስሙን አልጠራም» አለች። «‹በገዛ እጁ› ይላል፣ ያለቅሳል፣ ይናደድበታል። የገዛ ልጁን ይቆጣል፣ የሞተውን! አንተ አጠገቡ ተቀምጠህ ‹አይዞዎት አባባ› ትለው ነበር።»

«እወድሻለሁ እኮ» አለ ሰውየው። «በመጀመሪያ ልክሳችሁ ብዬ ነበር። በኋላ ግን… እውነቴን ነው።»

«አምንሃለሁ። የከፋውም እሱ ነው።» ቀለበቱን አውልቃ መዳፉ ላይ አደረገችለት። «ሂድና ለአባባ ራስህ ንገረው። ዛሬ። ካልነገርከው እኔ አሰማዋለሁ።»

ጃንጥላውን ረስቶ ወጣ። ዝናብ ውስጥ ቆሞ ፎቁን ቀና ብሎ ሲያየው ጆሮን አሳዘነው፤ ማዘኑም አሳፈረው።

ከዚያ ወደ እሱ ዞረች። ጆሮ ታመሰግነኛለች ብሎ ነበር። እዚህ ላይ ነው ጅል መሆኑን ያወቅኩት።

«አንተስ?» አለች።

«እኔ…»

«እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ለልኬት የምሰፋው ስፌት አለ፤ ሲስቡት እንዲፈታ አድርጌ የምሰፋው። አውቀህ ነው የበየድከው። ሰምተሃል። ያን ዕለት ‹ማንን ነው እንካ ያለው› ብዬ ስጠይቅህ ታውቅ ነበር።»

አቀረቀረ።

«አፍ የለህም? ብየዳው ሌላ ሦስት ቀን ቢቆይ ኖሮ አግብቼው ነበር! እሱ አንድ ዓመት ዝም አለ፣ አንተ አሥራ አንድ ቀን። ልዩነታችሁ የቀን ብዛት ነው?»

ማጫወቻዋን ይዛ ወጣች። ትልቁ ማዳመጫ በርጩማው ላይ ቀረ። ጆሮ እስኪመሽ ድረስ ከተቀመጠበት አልተነሳም።

ዝናቡ ወጣ። አራት ወር ሄደ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደሚባለው፣ የሆነው ሁሉ ሰፈር ለሰፈር ተሰማ። ፎርማኑ ያኑ ዕለት ለአባትየው ተናግሯል፤ በማግስቱ ጣቢያ ሄዶ ቃሉን ሰጥቷል። አባትየው ደጃፋቸው ላይ ቆመው የልጃቸውን ስም ሦስት ጊዜ ጮክ ብለው ጠሩ አሉ። የማዶው ፎቅ መረብ ተነሳ። ጆሮም የሥራ ጠረጴዛውን አዙሮ ፊቱን ወደ ፎቁ አደረገ። ቅጣት ነው አለ ለራሱ። በደንበኞቹ ፊትም እየከበደው፣ እየተንተባተበ፣ «ይኼ ዕቃ አይድንም»፣ «ይኼን ያበላሸው ልጅህ ነው» ማለት ለመደ። ሰፈሩ ጆሮ አፍ አወጣ እያለ ሳቀ።

አንድ ጠዋት ቀና ሲል በሩ ላይ ናት። ሜትሩ አንገቷ ላይ ነው። ማጫወቻዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ጠግናት። እንዳትፈታ አድርገህ።»

እያየችው ሠራ። አሮጌውን ስታኞ አነሳ፣ እግሩን ፋቀ፣ በደንብ አጋለው፤ ስታኞው ፈሶ ዙሪያውን ሲጨብጥ ሁለቱም አዩት። ሳበው። አልተነቃነቀም። ማዳመጫውን ሰጣት፤ ዓይኗን ጨፍና እስከ መጨረሻው ሰማች። አላለቀሰችም።

«የመጨረሻ ቃሉ ‹እንካ› ይመስለኛል አንዳንዴ» አለች። «ሰው ለመነው፣ ሰጠ። እንደዚህ ነበር።» ማዳመጫውን አወለቀች። «አሁን አንተ ተናገር። ያልተናገርከውን በሙሉ።»

ጆሮ መበየጃውን አስቀመጠ። 

«መጀመሪያ የመጣሽ ዕለት እጅጌሽ ላይ ቀይ ክር ነበር። ላነሳልሽ ፈልጌ ፈራሁ። ድምፁን ሰማሁ፤ ልነግርሽ ፈልጌ ፈራሁ። ስፌት ቤትሽ በር ላይ ሁለቴ ቆሜ ተመልሻለሁ። በድዬሻለሁ። ደግሞ እወድሻለሁ። ይኼን ስልሽም እየፈራሁ ነው።»

 መንገዱ ላይ አንድ መኪና አለፈ። ፀጉር ቤቱ ውስጥ ማሽን ያጉረመርማል።

«ወንድሜ…» ብላ ጀመረች፤ ቃሉ አፏ ላይ ቆመ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ እንባ እሱ ፊት ሳቀች። «አይ። አንተን ከእንግዲህ ወንድሜ አልልህም። ጆሮም አልልህም። ስምህ ማን ነው?»

ነገራት። ከእናቱ ቀጥሎ የምታውቀው እሷ ናት፤ እኔም ሰምቼዋለሁ፣ ግን የእሷ ነውና አልናገረውም።

ስሙን አንድ ጊዜ ለራሷ አለችው። ከዚያ እጇን ጠረጴዛው ላይ፣ ከመፍቻዎቹ መሐል ዘረጋችለት።

«እሺ፣ እንካ» አለች። «ለሁለት ደቂቃ ግን አይደለም።»